ሞተሩን ከመክፈታችሁ በፊት፦ የአሮጌ ሞተር ሳይክል የሞተርና የማርሚታ ችግር አፈላለግ

አሮጌ ሞተር ሳይክል ጉልበት ሲያንሰው፣ ጭስ ሲያበዛ ወይም ማርሚታው (የጭስ መውጫ ቧንቧው) ሲተኩስ ጋራዥ ውስጥ ቶሎ የሚመጣው መልስ የታወቀ ነው፦ «ፒስተንና ፋሻ ጨርሷል፣ ይከፈት።» ፋሻ የሚሉት የፒስተኑን ቀለበት ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ሞተሩ ሳይከፈት የሚስተካከል ነው። የተደፈነ ፊልትሮ፣ የላላ የካንዴላ ኮፍያ፣ የጠበበ የቫልቭ ክፍተት ሊሆን ይችላል። ማርሚታው ቴስታታው (የሲሊንደሩ ራስ) ላይ ሲገጠም መሃል የምትገባው ትንሽ ቀለበትም ልትሆን ትችላለች። ሞተር ያለ በቂ ምክንያት ሲከፈት ጉዳቱ ወጪው ብቻ አይደለም። ደህና የነበረ ክር ይበላሻል፣ ደህና የነበረ ጓርኒሲዮን (የመገጣጠሚያ ማሸጊያ) ይቀደዳል፣ አቧራ ይገባል። ስለዚህ ርካሹና ቀላሉ ይቅደም። መክፈት የመጨረሻ ይሁን።

ለምሳሌ የምይዘው ሆንዳ ሲጂ 125ን እና እሱን መነሻ አድርገው የቻይና ፋብሪካዎች ያወጧቸውን 125 ሲሲ ሞተር ሳይክሎች ነው። አንድ ሲሊንደር አላቸው። በአየር ይቀዘቅዛሉ፣ ባለ አራት ምት ናቸው፣ በካርቡሬተር ይሠራሉ። ሲጂ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ አጋማሽ የወጣው ጥገና እንደ ልብ በማይገኝበት አገር እንዲያገለግል ታስቦ ነው። ቫልቮቹን የሚገፉት ዘንጎች ስለሆኑ ረዝሞ የሚንኳኳ የካም ካቴና (ካሙን የሚያዞር ሰንሰለት) የለውም። የፍለጋው ቅደም ተከተል ለሌሎች ባለ አራት ምት ሞተር ሳይክሎችም ይሆናል፤ ቁጥሮቹን ግን ከየራሳቸው መመሪያ ውሰዱ። ያማሃ ኤጂ 100 እና ዲቲ 125ን የመሳሰሉት ባለ ሁለት ምቶች ጠባያቸው ስለሚለይ መጨረሻ ላይ ለብቻቸው እመጣባቸዋለሁ።

የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም። የካንዴላ ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ የተለመዱት ቁልፎች፣ ንጹህ ጨርቅ፣ አንድ ግልጽ የመስታወት ጠርሙስ፣ ሳሙና የተበጠበጠበት የውሃ መርጫ። ክፍተት የሚለካባቸውን ስስ የብረት ቅጠሎች ከሌሏችሁ ግዙ። ዋጋቸው ብዙ አይደለም፣ አንድ ቫልቭ ካዳኑ ደግሞ ወጪያቸውን መለሱ ማለት ነው።

1. ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት

ችግሩ መቼ ጀመረ? ከታጠበ በኋላ ከሆነ የካንዴላ ኮፍያው ውስጥ ውሃ ገብቶ ይሆናል። ቤንዚን ከተቀዳ በኋላ ከሆነ ቤንዚኑን ጠርጥሩ፤ መንገድ ዳር በሃይላንድ የተገዛ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ጠርጥሩ። ማርሚታው ለብየዳ ወርዶ ከተመለሰ በኋላ ከሆነ መልሱን ግማሹን አግኝታችኋል። በወራት ውስጥ ቀስ እያለ የመጣ ከሆነ ግን የሚያልቅ ነገር አልቋል ወይም የሚደፈን ነገር ተደፍኗል።

ቀጥሎ ዘይቱን እዩ። ሞተር ሳይክሉን በመሃል ማቆሚያው ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፣ ጥቂት ደቂቃ አሠሩት፣ አጥፉትና ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ። የዘይት መለኪያውን ጥረጉና መልሳችሁ አስገቡት። ክሩን ግን አታጥብቁት፤ አፉ ላይ እንዲቀመጥ ብቻ አድርጉ። አጥብቆ የሚለካ ሰው መለኪያው ወደ ታች ስለሚወርድ ካለው በላይ ዘይት ያያል፣ ሞተሩም በጎደለ ዘይት ይሠራል።

ዘይቱን አሽትቱትም። ቤንዚን ቤንዚን ካለ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው የተንሳፋፊው መርፌ አልዘጋም ማለት ነው። ቤንዚኑ በሌሊት ወደ ሞተሩ እየወረደ ዘይቱን ያቀጥነዋል። እንዲህ ባለ ዘይት አትንዱ። መርፌውን አስተካክሉ፣ ዘይቱን ቀይሩ፣ ስታቆሙም የቤንዚን ቧንቧውን የመዝጋት ልማድ ይኑራችሁ።

የአየር ፊልትሮውንም አውጥታችሁ ወደ ብርሃን አድርጋችሁ እዩት። በፒስታ መንገድ የሚውል ሞተር ሳይክል ፊልትሮ በፍጥነት ይደፈናል። ብርሃን ካላሳለፈ አጽዱት ወይም ቀይሩት። ፊልትሮውን አውጥቶ ጥሎ መንዳት ግን መፍትሔ አይደለም፤ አቧራው ፋሻውንና ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃቸዋል።

2. ጭሱ ምን ይላል?

ጠዋት ሲነሳ ከማርሚታው የሚወጣ ስስ ነጭ እንፋሎት ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ ውሃ ነው፤ እርሱት። ጥቁር ጭስ ቤንዚን መብዛቱን ያሳያል፦ ፊልትሮ ተደፍኗል፣ ቾኩ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፣ ወይም ካርቡሬተሩ ያጎርፋል።

ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። እዚህ ላይ ቶሎ አትፍረዱ፤ መቼ እንደሚወጣ ለዩ። አድሮ ሲነሳ ቡልቅ ብሎ ወጥቶ የሚጠፋ ከሆነ የቫልቭ ጎማዎቹ (ዘይት እንዳይገባ የሚያግዱት) ደርቀዋል። ጋዝ በሰጣችሁ ቁጥር፣ በተለይ ዳገት ላይ፣ ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ ፋሻና ሲሊንደር ይጠረጠራሉ። ሦስተኛው ዓይነት ቁልቁለት ላይ ነው የሚታወቀው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ጋዝ ዘግታችሁ በማርሽ ይዛችሁ ውረዱ፤ ታች ደርሳችሁ ጋዝ ስትሰጡ ከኋላችሁ ሰማያዊ ደመና ከተነሣ ዘይቱ የሚገባው በቫልቭ መሪዎቹና በጎማዎቻቸው በኩል ነው። ጋዝ ሲዘጋ ሞተሩ በኃይል ይስባል፣ ዘይቱንም አብሮ ይስባል። እንዲህ የሚያጨስ ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ፒስተንና ፋሻ ቢቀይር ጭሱ አይለቀውም። ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ይህን አንድ ቁልቁለት መውረድ ነበረበት።

3. ማርሚታውን ከፊት ወደ ኋላ

ብዙ ሰው ማርሚታን የድምፅ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን ከካርቡሬተሩ በፊት እሱን ማየት እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የሚያፈስ ማርሚታ የሌላ በሽታ መልክ ይዞ ያታልላል።

ዋናው ቦታ ቧንቧው ቴስታታው ላይ የሚገጥምበት ነው። እዚያ መሃል ከመዳብ ወይም መዳብ ከለበሰ ነገር የተሠራች ቀለበት አለች። ሲጠብቅ ትጨፈለቅና ክፍተቱን ትዘጋለች። አንዴ የተጨፈለቀች ቀለበት ደግማ በደንብ አትዘጋም፤ ማርሚታው በወረደ ቁጥር አዲስ ይግባ።

ስትፈስ ምን ይሆናል? ጋዝ ስትዘጉ ቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ለቅጽበት ከውጪው አየር በታች ይወርዳል። በክፍተቱ ንጹህ አየር ይገባል፣ ያልተቃጠለውን ቤንዚን ያገኘዋል፣ ትኩሱ ቧንቧ ውስጥም ይፈነዳል። «ጠ! ጠ!» የሚለው ተኩስ ይህ ነው። «ቫልቭ ተቃጥሏል» ተብሎ ቴስታታው ሊወርድ የነበረ የአንድ ጤና ጣቢያ ሞተር ሳይክል አይቻለሁ። ከማርሚታው አፍ በታች ያሉት የሲሊንደር ክንፎች ላይ ጥቁር ጥላሸት እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ነበር። ዳዶዎቹ ሲፈቱ ቀለበቷ የለችም፤ በቦታዋ የታጠፈ የቆርቆሮ ቁራጭ ተወትፏል። አዲስ ቀለበት ገባ፣ ተኩሱም ቆመ። ቴስታታውን የነካው የለም።

ፍተሻው እንዲህ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ መገጣጠሚያዎቹን በዓይን እዩ፤ ጥቁር የጥላሸት መስመር ካለ እዚያ ጋ ያፈሳል። ከዚያ የሳሙና ውሃ መገጣጠሚያው ላይ እርጩ፣ ሞተሩን አስነሡ፣ አንድ ሰው በወፍራም የታጠፈ ጨርቅ የማርሚታውን ጫፍ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ይድፈነው። ደህና ከሆነ ሞተሩ ታፍኖ ሊጠፋ ይፈልጋል። የሚያፈስ ከሆነ ፊት በኩል «ፍስስ» ይላል፣ አረፋ ይነሣል፣ ሞተሩም ምንም እንዳልተፈጠረ መሥራቱን ይቀጥላል። ቧንቧው በደቂቃ ውስጥ እጅ ያቃጥላልና ፍጠኑ። ይህን ሁሉ ውጪ አድርጉት። በተዘጋ ቤት ከሰል አንድዶ የተኛን ሰው የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከማርሚታም ይወጣል፣ ሽታም የለውም።

ዳዶዎቹን ለመፍታት አትቸኩሉ። ለዓመታት ዝገው ከቆዩ በጉልበት ሲፈቱ ቴስታታው ላይ የተተከለው ቡሎን ይሰበራል፤ ያኔ ትንሹ ሥራ ትልቅ ሥራ ይሆናል። ማታ ዝገት የሚያለቅቅ ዘይት ንፉበት፣ ጠዋት ድገሙት። ሞተሩን ትንሽ አሙቁና ዳዶውን ወደ ፊትም ወደ ኋላም በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሳችሁ አውጡት። ስትመልሱ ሁለቱን ዳዶዎች እያፈራረቃችሁ ግማሽ ግማሽ ዙር አጥብቁ። አንዱን መጀመሪያ ጨርሳችሁ ካጠበቃችሁ ቀለበቷ በአንድ በኩል ብቻ ትጨፈለቃለች። የኋላውን የማርሚታ ማሰሪያ ቡሎን ያዝ ብቻ አድርጉት፣ የፊቱ ከጠበቀ በኋላ ጨርሱት። ያለዚያ ቧንቧው ተወጥሮ ይቆይና በንዝረት ይሰነጠቃል።

ወደ ኋላ ሂዱ። ማርሚታውን በቀዝቃዛው በእንጨት ወይም በጎማ መዶሻ ቀስ ብላችሁ ምቱት። ውስጡ የሚንኮሻኮሽ ነገር ካለ የውስጥ ክፍልፋዩ ብየዳውን ለቋል፤ ይህ ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ የሞተር ኳኳታ ይመስላል። ከሆዱ በታች ያለውን ክፍል በጣታችሁ ደስሱት። አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ ሞተር ሳይክል ማርሚታው ሞቆ ውሃውን አይጨርስም፤ ውሃው ታች ይተኛና ከውስጥ ያዝገዋል። ፋብሪካው ታች የተዋት ትንሽ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ካለች አትበየድ።

የመደፈን ምልክቱ ሌላ ነው። ሞተሩ ይነሣል፣ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጠው በዝቅተኛ ዙር) ይሠራል፣ ጋዝ ሲሰጠው ግን ይታፈናል። እጃችሁን ከጫፉ ራቅ አድርጋችሁ ያዙ። ምቱ እየተቆራረጠ፣ ጠንከር ብሎ ሊሰማችሁ ይገባል። ደካማና የተጎተተ ትንፋሽ ከሆነ የፊቱን ዳዶዎች ትንሽ አላሉና ሞክሩት። ይጮኻል፤ ጉልበቱ ከተመለሰ ግን መንገዱ ተዘግቶ ነበር ማለት ነው። ለወራት የቆመ ሞተር ሳይክል ማርሚታ ውስጥ ተርብ ጭቃ ልትሠራበት ትችላለች።

4. ካንዴላና እሳት

ጥሩ መንገድ ከተነዳ በኋላ ካንዴላውን አውጡ። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን በዝቷል። የሚያብረቀርቅ እርጥብ ጥቁር ዘይት ነው። ነጭ ሆኖ የተንጨረጨረ ከሆነ አየር በዝቶ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል፤ በዚህ ሁኔታ ብዙ አትንዱት። ክፍተቱ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ይሁን።

እሳቱን ለማየት ካንዴላውን ኮፍያው ላይ ሰክታችሁ ብረቱን ከቴስታታው ጋር አስነኩ፣ ከካንዴላው ቀዳዳ አርቁት፣ በእግር ምቱት። ወፍራም ሰማያዊ እሳት ይፈለጋል። ቢጫና ቀጭን ከሆነ ቦቢናውን (ለካንዴላው ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) ከመግዛታችሁ በፊት ኮፍያውን ከሽቦው ላይ ነቅላችሁ እዩ። የሽቦው ጫፍ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ይገኛል። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ኮፍያውን መልሳችሁ አጥብቁ።

5. ቤንዚንና አየር

የካርቡሬተሩን ማፍሰሻ ፍቱና ቤንዚኑን በጠርሙሱ ተቀበሉ። ታች የሚንከባለሉ ጠብታዎች ካያችሁ ውሃ ነው። ሞተር ሳይክሉ አሥር ደቂቃ ያህል ሄዶ የሚጠፋ፣ ቆይቶ የሚነሣ ከሆነ ሲጠፋ የታንከሩን ክዳን ክፈቱ። አየር «ሽው» ብሎ ከገባ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ይህን ሳያዩ ስንት ካርቡሬተር ተፈቶ ታጥቧል!

ጋዝ ዘግታችሁ ሚኒሞው ቶሎ የማይወርድ፣ የሚንሳፈፍ ከሆነ ካርቡሬተሩና ቴስታታው መሃል አየር ይገባል። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ መገጣጠሚያው ላይ ንጹህ ውሃ እርጩ። የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ አገኛችሁት። አንዳንዱ በቤንዚን ይሞክራል፤ ትኩስ ማርሚታ አጠገብ ቤንዚን መርጨት እሳት መጥራት ነው።

ስለ ከፍታ ማሰብ አትርሱ። አዲስ አበባ ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ወለል ሩብ ያህል ያንሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውን ያጠቁራል፣ ሞተሩንም ያደክማል። ጋዙ ላይ ያለችውን የካርቡሬተር መርፌ ቅንጥቧን አንድ ጥርስ ወደ ላይ ብታወጡ መርፌዋ ዝቅ ትልና ቤንዚኑ ይቀንሳል። ሞተር ሳይክሉ ወደ አፋር ወርዶ እዚያ የሚሠራ ከሆነ ግን ወደ ቦታዋ መልሷት። በቆላ ሙቀት ቤንዚን ያነሰው ሞተር ፒስተኑን ያቀልጣል።

6. የቫልቭ ክፍተት

ከሁሉም የሚረሳው ይህ ነው፣ ከሁሉም የሚቆጨኝም ይህ ነው። የሲጂ 125 ክፍተት ለሁለቱም ቫልቮች 0.08 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚለካው ሞተሩ አድሮ ቀዝቅዞ ነው። ካንዴላውን አውጡ፣ የቴስታታውን ክዳን አንሡ፣ የማግኔቱን «ቲ» ምልክት ከመስመሩ ጋር አገናኙ። ሁለቱም ቫልቭ ገፊዎች በጣት ሲነኩ ትንሽ መወዛወዝ አለባቸው። አንዱ ተወጥሮ ከያዘ ምቱ ሌላው ነው፤ አንድ ሙሉ ዙር አዙሩና እንደገና ሞክሩ። ቅጠሉን አስገቡ፤ ሳይላላ፣ ሳይታገል፣ ትንሽ ያዝ እያደረገ ይንሸራተት። ዳዶውን ካጠበቃችሁ በኋላ ደግማችሁ ለኩ፤ ሲጠብቅ ክፍተቱ ይለወጣል።

«ቲክ ቲክ ይላል» ተብሎ ጨርሶ ድምፅ እስኪጠፋ የሚያጠብቅ መካኒክ ሞተሩን እየገደለው ነው። የጠበበ ቫልቭ ሲሞቅ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ የሚቀዘቅዘው ግን መቀመጫው ላይ ሲያርፍ ነበር። የማርሚታ በኩሉ ቫልቭ መጀመሪያ ይቃጠላል። ቀዝቃዛው በደንብ የሚነሣ፣ ሲሞቅ ግን ጉልበት የሚያጣና አጥፍተውት እምቢ የሚል ሞተር ካለ መጀመሪያ ይህን ለኩ።

7. ግፊት መለካት

እስካሁን ካልተገኘ ግፊቱን ለኩ። ሞተሩ ይሙቅ፣ ጋዙ ሙሉ ይከፈት፣ መለኪያው ካንዴላው ቦታ ይግባ፣ ቁጥሩ መውጣት እስኪያቆም በእግር ምቱ። እዚህም ከፍታውን አስቡ፦ በባሕር ወለል 170 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) የሚያሳይ ደህና ሞተር አዲስ አበባ ላይ 130 ገደማ ቢያሳይ አልታመመም። መመሪያው ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አይቶ ሲሊንደሩን በማሽን የሚያሰፋ አለ።

ቁጥሩ ከዚያም ካነሰ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሩና ድገሙት። በግልጽ ከጨመረ ፋሻው ነው። ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው። አሁን መክፈት ተገቢ ነው፤ ለመካኒኩም ሁለቱን ቁጥሮች ጽፋችሁ ስጡት።

ድምፅ ከሆነ ችግሩ ረጅም ካቻቢቴ ውሰዱ፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮ ሥር አጥንት ላይ አድርጋችሁ አዳምጡ። ላይ በኩል ቀላል ቲክታ ቫልቭ ነው። ቀዝቃዛ ሳለ ኳ ኳ ብሎ ሲሞቅ የሚጠፋ ፒስተን ነው፤ ጥቂት ጊዜ ይታገሣል። ጋዝ ሲሰጥ ከታች የሚመጣ ከባድ «ዱብ ዱብ» የቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ነው። ያን ከሰማችሁ አጥፉት፣ አትንዱት።

8. ባለ ሁለት ምት ከሆነ

ኤጂ 100 ወይም ዲቲ 125 ዘይት ስለሚያቃጥል ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ተፈጥሮው ነው። የእሱ ዋና ጠላት ማርሚታው ውስጥ የሚጋገር ካርቦን ነው። ጉልበቱ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ሲጠፋ መጀመሪያ እዚያ ሂዱ። ከጫፉ የምትይዘውን ቡሎን ፍቱና የውስጡን ቧንቧ በፒንሳ ስባችሁ አውጡ፣ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉት። በጣም ከጠነከረ በጋዝ እሳት ይቃጠልና ይረገፋል።

ከዚያ ማርሚታውን ከሲሊንደሩ አውርዱ። በፔዳሉ ፒስተኑን አንቀሳቅሳችሁ መውጫውን ቀዳዳ እንዲሸፍን አድርጉ፣ ካርቦኑን በእንጨት ፋቁት። ብረት ፒስተኑን ይጭረዋል። ፍርፋሪውን በሙሉ አውጡ፣ ቀለበቷን በአዲስ ተኩ።

ነጭ ጭስ በጣም ከበዛና የማርሽ ሳጥኑ ዘይት ያለ ፍሳሽ ከጎደለ በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው የክራንክ ጎማ (ዘይትና አየር የሚያግደው) አልቋል፤ ሞተሩ ዘይቱን እየጠጣ ነው። በማግኔቱ በኩል ያለው ካለቀ ደግሞ አየር ይስባል፣ ሚኒሞው ከፍ ይላል፣ ካንዴላው ይነጣል። ይህ ሁለተኛው ፒስተን ያስነክሳልና ጎማው እስኪቀየር ሞተር ሳይክሉ ይቁም።